ስለ ባለቀለም ዘንጎች ታሪክና ስለ ሕፃናት የሒሳብ ትምህርት

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ፥ «ተማሪን ማዕከል ያደረገ» የሚለው አነጋገር በአገራችን መምህራን ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ቃሉ የተለመደውን ያህል ምን እንደሚጠይቅ ብዙ የታሰበበት አይመስለኝም። አንድ ሕፃን አምስትና ሦስት ስንት ነው ተብሎ «ሰባት» ብሎ ቢመልስ፥ መሳሳቱን የሚነግረው ማን ነው? መምህሩ ነው ወይስ ሕፃኑ በእጁ የያዘው ዕቃ? የዘዴውን ታሪክ የምመረምረው ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከ1805 እስከ 1825 በስዊስ አገር በኢቨርዶን ከተማ ትምህርት ቤት የነበረው ዮሐን ሃይንሪኽ ፔስታሎዚ፥ ሕፃን የቍጥርን ምልክት ከመማሩ በፊት ቍጥሩን ራሱን በዕቃ ላይ ማየት እንዳለበት አስተማረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ መምህሩን እየተከተሉ በአንድ ድምፅ ይደግሙ ስለ ነበር፥ ፈራጁ መምህሩ እንደ ሆነ ቀረ።

በ1907 በሮማ ከተማ በሳን ሎሬንዞ ሠፈር የሕፃናት ቤት የከፈተችው ማሪያ ሞንቴሶሪ ግን ከዚህ አልፋ ሄደች። ከዕቃዎችዋ መካከል ዐሥር ዘንጎች ነበሩ፤ አጭሩ 10 ሳንቲ ሜትር፥ ረጅሙ አንድ ሜትር። በተራ ሲደረደሩ ደረጃ ይሠራሉ። አንዱ ያለ ቦታው ቢገባ ደረጃው ይሰበራል፤ ሕፃኑም ማንም ሳይነግረው ያየዋል።

ሐሳቡን ለሒሳብ ትምህርት ይበልጥ አመቺ ያደረገው ጆርጅ ኩዊዝኔር የተባለ፥ ቤልጅግ አገር ቱዊን በምትባል ትንሽ ከተማ ያስተማረ ሰው ነው። ሙዚቃም ያስተምር ነበር። መጽሐፉን በ1952 አሳተመ። ዘንጎቹ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆኑ እያንዳንዱ ርዝመት የራሱ ቀለም አለው፤ ነጩ አንድ፥ ቢጫው አምስት፥ ብርቱካንማው ዐሥር ነው። ሁለት፥ አራትና ስምንት የቀይ ዘመድ በሆኑ ቀለሞች ስለ ተቀቡ፥ እጥፍ መሆናቸውን ዓይን አስቀድሞ ይገምታል። በዘንጉ ላይ ቍጥር አልተጻፈበትም። እንግዲህ ያ ሕፃን ቢጫውንና ባለ ሦስቱን አረንጓዴ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ፥ በጎናቸው ባለ ሰባቱን ጥቁር ያስቀምጥ። ጥቁሩ ያጥራል፤ የጐደለውም ቦታ ልክ ነጩን ዘንግ ያህላል። ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን የስሕተቱን መጠን አየ ማለት ነው።

በ1911 በእስክንድርያ የተወለደው ካሌብ ጋቴኞ በ1953 ይህን ሥራ አይቶ በብዙ አገር አስተዋወቀው። ለእኛ የሚያስደንቀው፥ ይኸው ሰው በ1957 በዩኔስኮ ተልኮ አዲስ አበባ መምጣቱ ነው። እዚህ የሠራው ስለ አማርኛ ንባብ ነበር፤ ድምፅን በቀለም የማሳየት ዘዴውም ከዚያ ተነሥቶ ኋላ ለእንግሊዝኛና ለሌሎች ቋንቋዎች ዋለ። ማስተማር ለመማር መገዛት አለበት የሚለው ይህ ሰው፥ መምህር ትክክል ነው ወይም አይደለም ለማለት እንዳይቸኩል ይመክር ነበር።

ነገሩ ለአገራችን ሊቃውንት ፈጽሞ እንግዳ ነበር ለማለት አይቻልም። ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙር ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙን 7517 ለ19 ገድፎ 12 ያገኛል፤ አንዱን ትቶ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴው 1፥ በ19 አባዝቶ ሲገድፍ መጥቅዑ 29 ነው። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 ስለሆነ፥ ቢሳሳት የኔታ ሳይቈጡት በፊት ራሱ ያውቀዋል።

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በየትምህርት ቤቱ የገባው «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ተማሪን ማዕከል ያደረገ ነው ይባል ነበር። እኔ እንደማየው፥ ጐበዙ ልጅ መልሱን ተናግሮ የቀሩት ከገለበጡ፥ ፈራጁ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ወደ ዴስኩ ጫፍ ተዛወረ እንጂ ተማሪው ምንም አላገኘም። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩ ሁሉንም ማረም አይችልም፤ ራሱን የሚያርም ዕቃ የሚያስፈልገውም በተለይ እዚያ ነው።

ዘንግ ለመግዛት ገንዘብ የለም የሚል መልስ ይሰጣል። ብዙ መምህራን የጠርሙስ ቆርኪ ያስለቅማሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ቆርኪውን አዛብቶ ቢቈጥር ቆርኪው ምንም አይነግረውም። ሸንበቆ ግን በማስመሪያ እየተለካ ሊቈረጥና ሊቀባ ይችላል። ልኩ ላይ ብቻ መጠንቀቅ ያሻል፤ ባለ ሰባቱ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ትክክለኛውን ልጅ ተሳስተሃል ይለዋል።