ባለ ሁለት ጫፍ ስኪ

ባለ ሁለት ጫፍ ስኪ የፊቱ ብቻ ሳይሆን የኋላው ጫፍም ወደ ላይ የተቀለበሰ የበረዶ መንሸራተቻ ነው። ተንሸራታቹ በዚህ ቅርጽ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮም ሆነ ጀርባውን ሰጥቶ ይወርዳል፤ በአየር ላይ ተሽከርክሮም ጀርባውን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥቶ ያርፋል። ይህ ስኪ በዋናነት የሚያገለግለው መዝለያ ጉብታዎችና የብረት ሐዲዶች በተዘጋጁበት የስኪ ፓርክ ነው፤ ሰፋ ያሉት ዓይነቶች ግን ከተደለደለው መስመር ውጭ ባለ ያልተረገጠ በረዶ ላይም ይሠራሉ። አንድ ጥንድ ለሁለቱም ማዋል ይቻላል፤ ሆኖም ለአንዱ የሚጠቅመው ጠባይ ለሌላው ስለሚጎዳ፣ ምርጫው የሚመዘነው ባለቤቱ አብዛኛውን ቀን በሚውልበት ቦታ ነው።

ታሪክ

ዘመናዊው ባለ ሁለት ጫፍ ስኪ የተስፋፋው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ያኔ ወጣቶች ሁለቱ እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ወደሚታሰሩበት ስኖውቦርድ እያደሉ ነበር። ካናዳዊው ማይክ ዳግላስና ጓደኞቹ በስኪም እንደ ስኖውቦርድ ወደ ኋላ መንሸራተትና መዝለል እንዲቻል ፈልገው አዲስ ንድፍ ለአምራቾች አቀረቡ። የፈረንሳዩ አምራች ሳሎሞን ሐሳቡን ተቀብሎ «ቴንኤይቲ» የተባለውን ስኪ አወጣ፤ ስሙም የ1080 ዲግሪ፣ ማለትም የሦስት ሙሉ ዙር ሽክርክሪትን ያመለክታል። በአሜሪካ ደግሞ ጄሰን ሌቪንታል የመሠረተው ላይን የተባለ አምራች በዚሁ መንገድ ሄደ። በዚህ ስኪ ከሚካሄዱት ውድድሮች ስሎፕስታይል (ሐዲዶችና ጉብታዎች ባሉበት መስመር የሚካሄድ) እና ሃፍፓይፕ (በግማሽ ቱቦ ቅርጽ በተሠራ ቦይ የሚካሄድ) በ2014 (እ.ኤ.አ.) በሶቺ፣ ቢግ ኤር (በአንድ ትልቅ መዝለያ የሚካሄድ) ደግሞ በ2022 (እ.ኤ.አ.) በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ገብተዋል።

አሠራር

የስኪው እምብርት ብዙውን ጊዜ እንጨት ሲሆን በፋይበርግላስ ይለበጣል፤ ከሥሩ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ የብረት ጠርዝ አለው። መሬት ላይ ሲቀመጥ መሃሉ ከፍ የሚለው ቅስት ካምበር ይባላል፤ ሰው ሲቆምበት ቅስቱ ተደፍቶ ጠርዙ በሙሉ ርዝመቱ በረዶውን እንዲይዝ ያደርጋል። ጫፎቹ ቀደም ብለው ከመሬት የሚነሱበት ቅርጽ ሮከር ሲሆን፣ ስኪው በጥልቅ በረዶ ውስጥ እንዳይሰጥም ይረዳል። ሁለገብ ስኪዎች በአብዛኛው ከእግር ሥር ካምበር፣ በሁለቱ ጫፎች ሮከር አላቸው።

አመራረጥ

መጀመሪያ የሚታየው የስኪው ወገብ፣ ማለትም ጠባቡ የመሃል ክፍል፣ ስፋት ነው። ለፓርክ የሚሠሩት ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ስላላቸው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ፈጣን ናቸው። ለጥልቅ በረዶ የሚሆኑት ከ105 ሚሊሜትር ይበልጣሉ። ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው ከ90 እስከ 100 ሚሊሜትር ያለው ተስማሚ መካከለኛ ነው።

አጭር ስኪ በአየር ላይ ለማሽከርከር ይቀላል፤ ረጅሙ በፍጥነትና በልስልስ በረዶ ላይ ይረጋጋል። ጫፉ ስለሚቀለበስ በረዶውን የሚነካው ክፍል ከተጻፈው ርዝመት ያጥራል፤ ስለዚህ ከመስመር ውጭ ለሚወርድ ሰው ቁመቱን የሚያህል ስኪ አይበዛበትም። የጫማው ማሰሪያ ወደ መሃል ሲጠጋ ወደ ኋላ መንሸራተት ይቀናል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ሲሸሽ ደግሞ የፊቱ ጫፍ በጥልቅ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። ሐዲድ ላይ የሚወጣ ሰው ወፈር ያለ የብረት ጠርዝ ያስፈልገዋል፤ ቀጭኑ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ከስኪው ይልቅ አካልን የሚጠብቁት ግን ጫማውና ማሰሪያው ናቸው። ማሰሪያው ሰው ሲወድቅ እግሩን እንዲለቅ በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማ ርዝመትና በችሎታ ልክ በባለሙያ ይስተካከላል። ከመስመር ውጭ የሚወጣ ሰው የበረዶ ናዳ ሥልጠና፣ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግ፣ አካፋና አብሮት የሚወጣ ጓደኛ ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያና በምሥራቅ ሱዳን

በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘው፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት የገዳሪፍ ሜዳ ሞቃት ቆላ ነው፤ ስኪ አያውቅም። በኢትዮጵያ የሰሜን (ስሜን) ተራሮች ከፍታ ላይ አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶም ቶሎ ይቀልጣል። ነገር ግን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ሱዳን የስደተኛ መጠለያዎች ካለፉት ኢትዮጵያውያን ጥቂት የማይባሉት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሰፍረዋል፤ ልጆቻቸውም ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር አድገዋል።

በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) በ15 ኪሎሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተሰልፏል፤ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይም በባለ ጎማ ስኪ ልምምድ አድርጓል። የእሱ ስኪ ጠባብና ቀላል፣ ተረከዝን የማያስር ነበር፤ ባለ ሁለት ጫፉ ግን ሰፊና ጠንካራ ነው፣ ተረከዝንም አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ አገር አቋራጭ የለመደ ሰው እንኳ ወደዚህኛው ሲመጣ እንደ አዲስ ይማራል። ጀማሪ ከመግዛቱ በፊት የተለያየ ስፋትና ርዝመት ያላቸውን እየተከራየ ቢሞክር፣ ገንዘቡንም በቅድሚያ በልኩ ለሆነ ጫማ ቢያውል ይበጀዋል።