ደም አይደለም

የሥጋ ደዌን ታሪክ ሳነብ ዘወትር የምቆመው ዳፕሶን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ይህ ርካሽ ክኒን ብቻውን ለዓመታት፣ በአንዳንዶችም ዕድሜ ልክ ይዋጥ ነበር። ውሎ አድሮ ባክቴሪያው ለመደው። በ1977 ከአዲስ አበባ የወጣ ጥናት ክኒኑን ቀምሰው የማያውቁ ሕሙማን እንኳ የተላመደውን ባክቴሪያ እንደያዙ አሳየ።

በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ዳፕሶንን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር አጣምሮ መስጠትን መከረ። ሪፋምፒሲን በወር አንዴ በጤና ባለሙያ ፊት ይዋጣል፤ ሽንትን ያቀላል። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ መጥቆሩ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሕመምተኛ ግን ደንግጦ ክኒኑን ይጥላል፤ መላመዱም እንደገና በር ያገኛል። እኔን ከመድኃኒቶቹ እኩል የሚያስደንቀኝ ነርሷ ጎንበስ ብላ የምትናገረው ቃል ነው፦ «ሽንትዎ ቢቀላ አይደንግጡ፤ ደም አይደለም።»