ባለ‘ቪ’ው ማሊያ
የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ፣ አዲስ አበባ

ደረቱ ላይ ያለውን ‘ቪ’ ያየ የአዲስ አበባ ልጅ የማን ማሊያ እንደሆነ አይጠይቅም። ክለቡን እነ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ መሠረቱት፤ ፋሺስት ጣሊያን አገሪቱን እየወረረ በነበረበት በዚያው ዓመት። የሰፈሩ ደብር አራዳ ጊዮርጊስ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ደግሞ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምቷል። በወረራው ዓመት ኳስ ተጫዋች ወጣቶች በዚህ ስም መጠራታቸው ዛሬም ልብ ይነካል።

ይድነቃቸው ተሰማ ለዚህ ክለብ 23 ዓመት ተጫውተዋል፤ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርተዋል። መንግሥቱ ወርቁም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፦ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አራተኛዋን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነበር።