በወንድ ልብስ የወጡ ሴቶች

ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ይህን ሥዕል ያውቀዋል። ሌሊት ነው፤ ቤቱ ሰፊ ነው፤ አንድ የተዘጋ በር አለ። በሩ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ሻማ ይዛ ቆማለች። እስቲ፣ ትከፍተዋለች ወይስ ጮኻ ትወድቃለች?

ድሮ ድሮ ትወድቅ ነበር። እንግሊዛዊቷ አን ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1794 ባሳተመችው «የኡዶልፎ ምስጢሮች» ባለታሪኳ ኤሚሊ ጥቁሩን መጋረጃ ገልጣ ከኋላው ያለውን ስታይ ራሷን ስታ ትዘረጋለች። እርግጥ ኤሚሊ ፈሪ ብቻ አይደለችም፤ ርስትሽን ፈርመሽ ስጪ ብሎ የሚያስጨንቃትን ሰው ብዙ ተሟግታዋለች። ቢሆንም አንባቢ የሚያስታውሳት በመውደቋ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1847 የመጣችው ጄን ኤር ግን አልወደቀችም። ልታገባው የቆመችው ሰውዬ ሚስቱን ፎቅ ላይ ቆልፎ እንዳስቀመጠ በሠርጓ ቀን ስትሰማ፣ ምንም ሳይኖራት ቤቱን ጥላለት ሄደች።

እኔን ከሁሉም የምትገርመኝ ማሪያን ሃልኮምብ ናት። ዊልኪ ኮሊንስ «ነጭ የለበሰችው ሴት» የተባለውን ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1860 በመጽሔት ላይ በተከታታይ ሲያወጣ የለንደን አንባቢ ቀጣዩን ክፍል በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ማሪያን፣ ሁለት ሰዎች በእህቷ ላይ የሚዶልቱትን ለመስማት በሌሊት ከባዱን ቀሚሷን አውልቃ፣ ሌላ ቀለል ያለ ነገር ለብሳ፣ ዝናብ እየወረደባት ጣራ ላይ ትወጣለች። ሰማች፤ ግን በብርዱ ታመመች። ተኝታ ሳለች ያ ክፉ ሰው የዕለት ማስታወሻዋን አንብቦባት ቁጭ! ደራሲው ይህን ሁሉ ብልሃትና ድፍረት ከሰጣት በኋላ መልኳን አስቀያሚ አደረገባት፤ ባል የሚያገኘውም ማሪያን ሳትሆን ደካማዋና ቆንጆዋ እህቷ ናት። ማሪያን አክስት ሆና ቀረች። ይህን ነገር እስካሁን ለኮሊንስ ይቅር አላልኩትም።

የእኛስ? የእኛ ልብ ወለድ ገና ከመወለዱ በአንዲት ደፋር ሴት ነው የጀመረው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» በኋላ ስሙ የተለወጠው በባለታሪኳ ነው፤ «ጦቢያ» ተባለ። መንትያ ወንድሟ ዋህድ ባለውለታቸውን ልፈልግ ብሎ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋይ እጅ ሲወድቅ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ወጣች። አለባበሷ እንዲያው ለጨዋታ ያህል የገባ አይደለም። ፈንጋይ በሚዞርበት አገር ቆንጆ ልጃገረድ ይዞ መንገድ መውጣት ማለት ገበያ ላይ አውጥቶ እንደማቆም ነበር። የባሪያ ንግዱ አፈወርቅ ሲጽፍ ገና ያልሞተ፣ አንባቢው የሚያውቀው ጉድ ነው። ስለዚህ የመጽሐፉ ሥጋት ከተረት የተቀዳ አይደለም፤ ከጎዳናው ነው። ልብሱም በጣም ከመሥራቱ የተነሣ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ጦቢያን ወንድ ናት ብላ ወደደቻት። ንጉሡ ግን እውነቱ ሲገለጥ ክርስትና ተነሥቶ ራሱ አገባት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። አፈወርቅ ይህን ከመጻፉ 12 ዓመት በፊት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ በመቀሌ የጣልያንን ምሽግ ውሃ አስይዘዋል፤ ዐድዋም ጦራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ የወንድ ልብስ አላስፈለጋቸውም። እንግዲህ ሴት ጀግና መሆን ትችላለች ወይ የሚለው ለዚያ ዘመን ሰው አዲስ ጥያቄ አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ጦርና ማዕረግ ከኋላዋ የሌላት ሴት ብቻዋን መንገድ ብትወጣ ማን ያስጥላታል? ልብሱ የሚመጣው እዚህ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደዚያው ብልሃት ተመልሰዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ሰብለ ወንጌልን በዕንባ ነው የሚያስታውሳት፤ ለእኔ ግን ሰብለ የምታስለቅስ ብቻ አይደለችም። የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ባል ሲመርጥባት፣ ሲመልስባት ዕድሜዋ ያለፈ የጌታ ልጅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያደገች፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የጎጃምን መንገድ በእግሯ ተያያዘችው። ይህ ቀላል ነገር ነው እንዴ? በዛብህን አገኘችው፤ ያገኘችው ግን ለሞት ተቃርቦ ነው። ጦቢያ ልብሱን አውልቃ ንግሥት ሆነች፤ ሰብለ ግን ለመሸሸጊያ የለበሰችው የምንኩስና ልብስ እውነተኛ ልብሷ ሆኖ ቀረ።

ፈረንጆቹ ጋ ልብስ መቀየሩ እየቀረ ሄደ። ሜሪ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ባወጣችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ባለታሪኳ ቻሪቲ በደቡብ ፈረንሣይ ጎዳና የሚያሳድዳትን ሰው የምታመልጠው በመኪና ነው። በጦርነቱ የሞተው ባሏ በፍጥነት መንዳት አስተምሯት ነበር፤ ማንም መጥቶ እስኪያድናት አልጠበቀችም።

ከውጭዎቹ ሴቶች ሁሉ በአማርኛ የከበረ ስም ያገኘችው ግን ስካርሌት ኦሃራ ሳትሆን አትቀርም። ማርጋሬት ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችው መጽሐፍ የባሪያ አሳዳሪዎችን ዘመን አሳምሮ በማቅረቡ በትክክል ይወቀሳል። ስካርሌት ራሷ ትዋሻለች፣ ትነግዳለች፣ ቤቷ የገባውን ወታደር ተኩሳ ትገድላለች፤ ይህን ሁሉ የምታደርገው በቀሚሷ ነው። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሳት በደርግ እስር ቤት ሆኖ ነው። ወረቀት ስላልነበረው የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነበር፤ ያ ብጥስጣሽ ሁሉ ከእስር ቤቱ ወጥቶ፣ ተሰብስቦ መጽሐፍ ሆነ።