ከመውጣቱ በፊት የታየ ሥርዓት፦ ዊንዶውስ ቪስታና የግዕዝ ፊደል

(መካነ ሰላም ላይ ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መምህር እንግዳ ይመስል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት የሙከራ ቅጂውን ለሕዝብ ክፍት ባደረገ ጊዜ፣ የሞከሩት ሰዎች ምን አዩበት? እኛስ ብንሆን ምን እናይበት ነበር?

ከራሴ ገጠመኝ ልጀምር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በቦረናና በሳይንት ከአረጋውያን የሰበሰብኋቸውን ቃለ መጠይቆች እዚሁ በኮምፒውተር አስጽፌ፣ በፍሎፒ ዲስክ ይዤ፣ በአቀስታ በኩል ደሴ ገባሁ። ፋይሉ ሲከፈት የታየው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ ስመለስ ያስጻፍሁበት ቤት ተዘግቷል። አብዛኛውን ከማስታወሻ ደብተሬ እንደገና አስጻፍሁ። ደብተራቸው የጠፋብኝ አንድ አዛውንት ግን፣ ደግሜ ልጠይቃቸው ስሄድ አርፈዋል።

ፋይሉ አልተበላሸም ነበር። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ በዚያ ዘመን አንድ የፊደል ስብስብ የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነው። የእኛ ገበታ ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ በዚያ ውስጥ አይበቃም። ስለዚህ የሶፍትዌር አዘጋጆች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ አኖሩት፤ የተረፈውንም ወደ ሌላ ስብስብ አዛወሩት፤ ሁሉም በየራሱ አደላደል። አልወቅሳቸውም። ኢንጂነር አያና ብሩም የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ሲያውሉ ፊደሉን ከመኪናው ጋር ማስማማት ግድ ሆኖባቸው ነበር።

እንደ ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች ከደከሙበት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን 345 ቁምፊዎችን መደበ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ዙሪያ አንድ ቁጥር አላት። ነገር ግን ቁጥር ብቻውን አይነበብም፤ ቅርጹን የሚያሳይ ፎንትና የሚጻፍበት የቁልፍ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ 2000ም፣ ኤክስፒም ሁለቱንም ሳይዙ ነው የወጡት። በኤክስፒ ላይ የዩኒኮድ ፎንት ጭኖ መጻፍ ይቻል እንደነበር አልክድም፤ ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ግን በየወረዳው ከየት ይገኛል?

ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ከውስጡ ይዞ መጣ። የሙከራ ቅጂውን ያዩ ጸሐፍት ግን በብዛት ያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው፦ እንደ መስታወት ስለሚያሳዩት መስኮቶች፣ ፈቃድ እየጠየቀ ስለሚያሰለቸው ሳጥን፣ በተለይም ስለ ክብደቱ። በክብደቱ ላይ የሰጡት ፍርድ ትክክል ነበር። ኩባንያው ራሱ ቢያንስ 512 ሜጋባይት፣ ለሙሉ ገጽታው ደግሞ 1 ጊጋባይት የማስታወሻ አቅም ይፈልግ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የምሠራበት ኮምፒውተር 128 ሜጋባይት ነበረው።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ለሌላው ዓለም ክብደቱ የምቾት ጉዳይ ነበር፤ አዲሱን ያልወደደ በአሮጌው ይቀጥላል፣ ፊደሉም አብሮት ይቀጥላል። ለእኛ ግን ፊደሉና ክብደቱ በአንድ ሣጥን ታሽገው መጡ። ሥርዓቱ ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ ሚሌኒየማችንን ልናከብር ወራት ነበር የቀሩን፤ በማውቃቸው ቢሮዎች ግን ኤክስፒና የድሮዎቹ የፊደል ሶፍትዌሮች ቀጠሉ። ማንም በሌላ ቦታ የማይከፍታቸው ቃለ ጉባኤዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የመሬት ክርክር ሰነዶች መከማቸታቸውም እንዲሁ ቀጠለ። በእኔ ግምት ከማሽኑ ጋር የመጣ ፊደል በእነዚህ ቢሮዎች የተለመደው ከዊንዶውስ 7 በኋላ ነው።

ስለዚህ የእነዚያን ወራት የመጀመሪያ ግምገማዎች እንደ ታሪክ ምንጭ ስታነቡ ጸሐፊው ምን እንዳየ ብቻ ሳይሆን፣ ሥርዓቱን ከመክፈቱ በፊት ምን ያልጎደለው ሰው እንደነበረም ጠይቁ።

ያቺ ፍሎፒ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። በየትኛው ሶፍትዌር እንደተጻፈች ከታወቀ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል። ከእናንተ መካከል በዚያን ዘመን በመካነ ሰላም የኮምፒውተር ጽሑፍ ይሠራ የነበረ ዘመድ ያለው ቢኖር፣ ከንግግሩ በኋላ ያነጋግረኝ።