በወንዝ የተሸሸገ ወርቅ

ከየጁቤ ቁልቁል ሲወርዱ የአባይ በረሃ ነው። በሞጣ በኩል ሰባራ ድልድይ የቆመውም በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። በዚህ አገር ቀጠሮ ሲፈርስ ወንዙን ማመካኘት አይከብድም። እስቲ ይህቺን እንሞክር፦

የቀጠረኝ ወዳጅ ከማዶ ቢቀር፣
አባይ ኖሯል ለካ፤ መች አውቄ ነበር!

ሰሙ ወንዙ ነው፤ ሞልቶ ሰው አስቀረ። ወርቁ «ባ»ን አላልቶ ላነበበ ይወጣል፤ ወዳጁ ውሸታም ኖሯል። አጻጻፉ አንድ፣ ፍቺው ሁለት፤ ሊቃውንቱ ኅብረ ቃል ይሉታል።

እንግሊዞችም በዚሁ ተንኮል ይጫወታሉ። አግድምና ቁልቁል የሚሞላውን የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን በ1913 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ አወጣው። በ1920ዎቹ ኤድዋርድ ፓውይስ ማዘርስ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ፍንጩን ራሱን ቅኔ አደረገው። «ፍላወር» ሲል አንባቢው አበባ ያስባል፤ ቃሉን ከ«ፍሎው»፣ ከመፍሰስ፣ ያመጣው ሰው ግን ወንዝ ያገኛል። «በርን» ደግሞ ለሌላው መቃጠል ሲሆን ለስኮትላንዱ ሰው ጅረት ነው። የስኮትላንድን አነጋገር ያልሰማ ፈቺ እሳት ሲፈልግ ውኃው ያመልጠዋል።

ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ለዚህ ዓይነቱ ብልሃት ስመ ጥር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክም የሚፈስበት ደብር ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋው ግእዝ ነው። የኔታ ግስ ያወርዳሉ፣ አገባብ ያሳያሉ። ተማሪው ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና፣ ሲበረታ ባለስምንት ቤቱን መወድስ። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸውም ያርሙታል።

እንግሊዛዊው ፈቺ ቢቸግረው መዝገበ ቃላት ይገልጣል። የእኛ ፊደል ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። አባይን ከአባይ የሚለየው የሰው አፍ ነው። ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ደብር ለደብር የሚዞረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ብራና ላይ የማይታየውን በጆሮው ሊለቅም።