የተሰወረ መቃብርና የተቃጠለ ቤት

ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ጓዳ ይሠራል፤ በጓዳውም እንግዳ የማያየውን ያኖራል። እህልና ማሰሮ ቢቀመጥበት ነውር የለውም። ደም ያለበት ነገር የተሸሸገበት እንደ ሆነ ግን ቤቱ ሁሉ ይጨልማል። ስለዚህ ጉዳይ አንድ የፈረንጅ ሲኒማና የራሳችን ዜና መዋዕል የተናገሩትን አስተያይተን ለአንባቢ ልናቀርብ ወደድን።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ስፍራ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ስለ ፊልም መጻፉ የሚያስገርመው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ምክር የሚገኝበትን መርምሮ መውሰድ፣ የጎደለውንም መንቀፍ የተገባ ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1940 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ርብቃ» የተባለው ፊልም ዳፍኒ ዱ ሞርየ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ በ1938 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። አንዲት ድኻ ልጅ ሚስቱ የሞተችበትን ባለጠጋ አግብታ ማንደርሌ ወደሚባል ታላቅ ቤት ትገባለች። ሟቿ ርብቃ በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አትታይም። ሆኖም የስሟ ፊደል በመሐረብና በትራስ ልብስ ላይ ተጠልፎ፣ የቤቱ አዛዥ ሴትዮም ዘወትር እያነሣቻት፣ በሕይወት ካሉት ይልቅ ቤቱን የምትገዛው እርሷ ናት። የአዲሲቱ ሚስት ስም ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነገርም። የፊልሙ ብልሃት ይህ ነው፤ ጭራቅ ሳያሳይ ያስፈራል፤ የተሰወረ በደል ሕያዋንን ስም እንደሚያሳጣቸውም ያለ ስብከት ያስተምራል።

ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። በመጽሐፉ ባልየው ርብቃን በጥይት ይገድላታል። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ይተዳደሩበት የነበረው ደንብ ነፍሰ ገዳይ ሳይቀጣ እንዳያመልጥ ያዝዝ ነበርና፣ በፊልሙ ርብቃ ወድቃ ራሷን ተመትታ እንደ ሞተች ተደርጎ ነገሩ ተለወጠ። ለባልየው የቀረለት በደል ሬሳውን በጀልባ አስጥሞ መደበቁ ነው። ይህንንም ለአዲሲቱ ሚስቱ በስውር ይነግራታል እንጂ በዳኛ ፊት አያወጣውም። ምሥጢር ሊገልጥ የተነሣው ፊልም ራሱ ምሥጢሩን ሸፈነ። በመጨረሻም ቤቱ ይቃጠላል፤ እሳቱም በንስሓ ስፍራ ይቆማል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብንናገር ሰሙ ያማረ፣ ወርቁ የጎደለ ቅኔ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡትን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ቤተ ክርስቲያናችን የምትወዳቸው በእመቤታችን ፍቅራቸውና መጽሐፈ ብርሃንን በመድረሳቸው ነው። እኒህ ንጉሥ ራሳቸው የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከአምባ ግሸን ወርደው የነገሡ ናቸውና፣ ስለ ዙፋን የሚደረገውን ፍርሃት ከልጅነታቸው ያውቁት ነበር። ያ ፍርሃት በኋላ በገዛ ቤታቸው ገባ። ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ጣዖት አመለኩ ተብለው በቅጣት ሞቱ። ሚስታቸው ጽዮን ሞገሳም ልጃቸውን በእደ ማርያምን ሊያነግሡ አስበዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በንጉሡም ትእዛዝ ተደብድበው ሞቱ። ሥጋቸው በደብረ ብርሃን አጠገብ በመቅደሰ ማርያም በስውር ተቀበረ።

ልጅ የእናቱን መቃብር አይስትምና በእደ ማርያም ነገሩን ባወቁ ጊዜ ለመታሰቢያቸው ዕጣንና መባ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ሰጡ። አባትየውም ይህን ሰምተው ተቈጡ፤ ልጃቸውንም ከአሽከራቸው ጋራ አሳሰሩ። ኋላ ግን በመነኮሳት ምልጃ ታረቁ፤ በእደ ማርያምም አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ነው፤ ዡል ፔሩሾን የግዕዙን ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ትርጓሜ ጋራ በ1893 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳትሞታል። ዜና መዋዕል ጸሐፊ የነገሥታትን እንጀራ የሚበላ ነው። ቢሻው ኖሮ «ታመው ሞቱ» ብሎ ማለፍ በቻለ ነበር፤ አላለም። መጽሐፈ ሳሙኤል የዳዊትን በደል እንዳልሸፈነ እርሱም የሚያከብረውን ንጉሥ በደል አልሸፈነም። ከ«ርብቃ» የሚበልጠው በዚህ ነው። ነገር ግን እርሱም ጉድለት አለበት፤ ንግሥቲቱ በተከሰሱ ጊዜ ምን ብለው እንደ መለሱ አንድ ቃል አልጻፈልንም። ሞታቸውን ነገረን እንጂ ድምፃቸውን አላሰማንም።

በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ ንግሥት እሌኒን በእናታቸው ስፍራ አከበሩ፤ በአማራ ሳይንትም አትሮንሰ ማርያምን አሠሩ። የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ ሰው ይህችን ስም ያውቃታል። እርሷም በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ ተቃጠለች። እንግዲህ እሳት በሁለቱም ታሪክ አለ። ማንደርሌ ሲቃጠል የባልየው በደል ሳይፈረድበት ከአመዱ በታች ቀረ። አትሮንሰ ማርያም ስትቃጠል ግን የመሥራቿ እናት ነገር አልተቃጠለም፤ በብራና ተጽፎ፣ በዕጣን ታስቦ ነበርና።

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን ስሙ የማይነሣ ሟች አለ። ልጆች ሲጠይቁ «ተወው» እንላለን፤ ዝምታውንም ለቤቱ ክብር ያደረግነው ይመስለናል። የዘርዐ ያዕቆብን ክብር ግን የጸሐፊው እውነት አላፈረሰውም፤ ዛሬም እንወዳቸዋለን፤ ስለ ጽዮን ሞገሳም እናዝናለን። ሁለቱን ባንድነት መሸከም የሚችል ልብ ቤቱን ሳያቃጥል ጓዳውን ይከፍታል። እግዚአብሔር የተሰወረውን ለመናገር ድፍረቱን፣ ለመስማትም ትዕግሥቱን ይስጠን።